ራቁት ብረት አይደር

ባለቤቴ ወደ እህቷ ቤት የሄደች ዕለት ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ሁለቱ ልጆችህ በአንድ መኪና ሆነው ሊወስዱኝ ሲመጡ እመለሳለሁ» አለችኝ።

«ካልመጡስ?»

«ያኔ አንተ ምግብ ማብሰል ትለምዳለህ።»

አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። እህቷ የምትኖረው ከተራራው ማዶ ነው።

ምግብ ማብሰል አልለመድኩም። ድስቱ ሥሩ አሮ፣ ውሃ ተሞልቶበት ማጠቢያው ውስጥ ተቀምጧል። እኔም ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ከወንበር ተነስቼ አልጋ ላይ እቀመጣለሁ፤ ከአልጋው ተነስቼ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። መስኮቱ ቁልቁል ጋራዡን ያሳያል። ጥቂት አየት አደርግና ደረጃውን እወርዳለሁ። ወርጄ የምሠራው የለኝም፤ ተመልሼ እወጣለሁ።

ጋራዡ የኔ ነበር። ጉልበቴ ሲከዳኝ ለልጆቼ ለቀቅኩላቸው። ትልቁ በያጅ ነው። ትንሹ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ይውላሉ፣ አይነጋገሩም።

ጠባቸው የመጣው ከቤታችን መኪና ነው። የሞተሩን ነዳጅ ያስተካከለው ትንሹ ነበር። ትልቁ ብረት ጭኖ ተራራውን ሲወጣ ፒስቶን ቀለጠበት። ትልቁ «ነዳጅ አሳንሶበት ነው» አለ። ትንሹ «ማርሽ አልቀንስ ብሎ አስጨንቆ ነድቶት ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ለሌላው የሚለውን ለኔ ይነግረኛል። ሌላው ቆሞ እየሰማ፣ እኔ እንዳደርስ ይጠብቃል።

ሞተሩን ተራ በተራ እየገቡ መልሰው ገጠሙት፤ የነዳጁን ልክ ግን ማንም አልነካውም። የቀረው ማን እንዳጠፋ ማወቅ ብቻ ነው። ያጠፋው ዕቃውን ሰብስቦ ከጋራዡ ሊወጣ ተስማምተዋል፤ እሱንም በኔ በኩል ነው የተስማሙት። አንዱ ከወጣ እናታቸው የምትጠብቀው መኪና መቼም አይመጣም። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ። እነሱ የሚያስቡት ስለ ፒስቶን ነው።

ጥፋተኛውን እንዲለይ ትንሹ አንድ ዕቃ አስመጣ። አውራ ጣት የሚያህል ሴንሰር ነው። ጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ይገባና የተረፈውን ኦክስጅን ያሸታል። ያሸተተውን ለኮንትሮለሩ ይነግራል። ኮንትሮለሩ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ጥቁር ሣጥን ናት፤ እሷ ደግሞ ዳሽቦርድ ላይ ለተሰካው ክብ ጌጅ ታስተላልፋለች። ጌጁ ቁጥር ያበራል።

«መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር አሥራ አራት ነጥብ ሰባት አካባቢ ከሆነ ነዳጁና አየሩ ተመጣጥነዋል» አለኝ ትንሹ። «ቁጥሩ ከወጣ ነዳጅ አንሷል። ከወረደ ነዳጅ በዝቷል።»

«ዳኛ ነዋ።»

«ዳኛ ነው አባባ። ጉቦ የማይበላ።»

ስሙ ዳኛው ሆኖ ቀረ።

ጠዋት ትንሹ በተሳፋሪው በኩል ያለውን ምንጣፍ ገለጠ። ኮንትሮለሩ ሙቀትም ውሃም አይወድም። ስለዚህ ከሞተሩ አርቆ ከዳሽቦርዱ ሥር አሰረው። ቀዩን ሽቦ በፊውዝ አሳልፎ፣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ቦታ ሊያመጣው ለካ። ጥቁሩ ሽቦ ማሳ ነው፤ ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። የመኪናው የውስጥ አየር ማራገቢያ ማሳውን የሚያገኝበትን አሮጌ ብሎን ፈታ። ሥሩ ዝጓል። እንደ ጥርስ እስኪነጣ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው።

«የሥራው ነፍስ ይሄ ነው» አለኝ። «ማሳው ካልያዘ ዳኛው ይቀባዥራል።»

ፊውዝ ሊገዛ ሲነሳ ወንድሙ በሩ ላይ ቆሟል። የሱን መውጣት ነው የሚጠብቀው።

«አባባ፣ ይንገሩት» አለ ትንሹ። «የሴንሰሩ ማስገቢያ ቀና ብሎ ይበየድ። ከተጋደመ ውሃ ያቁርበታል።»

ትልቁ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል።

«ይንገሩት» አለ፤ «እኔ ቱቦ ስበይድ እሱ ጡት ይጠባ ነበር።»

«መች ተረፈኝ ይበሉት። እሱ አሟጦት ነበር።»

«ሰምቷል» አልኩ። «ሂድ።»

ትልቁ መጀመሪያ ባትሪውን ፈታ። ሳይፈቱ ከበየዱ ኮምፒውተሩ ይቃጠላል። መኪናውን በክሪክ አነሳ፣ ከሥር ገባ፣ ቱቦውን በሳ። ማስገቢያውን ቀና አድርጎ ያዘውና በየደው። ብየዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ወጣ። ወንድሙ ስላለው ሳይሆን፣ ቀና ማለቱ ትክክል ስለሆነ ነው ያቀናው። ሥራ ላይ ተንኮል አያውቅም።

ከዚያ ቀለምና ብሩሽ አነሳ። ይህ የቤታችን ልማድ ነው። በኔ ጋራዥ ራቁት ብረት አያድርም። ብረት ከተላጠ ቀለም ሳይለብስ ወደ ቤት አይኬድም። ሁለቱንም ከብሎን ማጥበቅ በፊት ያስተማርኳቸው ይህንን ነው። ክሪኩ የጫረውን ቀባ። ባትሪውን መልሶ አስሮ ዕቃውን ሲሰበስብ በተሳፋሪው በር አጎነበሰ።

«ፍቆ ፍቆ ጥሎት ሄደ» ሲል ሰማሁት። «ነገ ዝገት ሲበላው እኔን ሊል ነው።»

ብሩሹን አስገባ። ቀለሙ ግራጫ ነው፤ ሲደርቅ ብረት ይመስላል። ጎበዝ ልጅ አልኩ በሆዴ፣ ደረጃውን ወጣሁ።

ከሰዓት ትንሹ ተመለሰ። የማራገቢያውንና የኮንትሮለሩን ማሳ በዚያው ብሎን አንድ ላይ አጥብቆ አሰራቸው። ዳሽቦርድ ሥር ጨለማ ነው፤ እጅ እንጂ ዓይን አይገባም። ከዚያ ሴንሰሩን ቱቦው ላይ ሳያስገባ በር ላይ አንጠልጥሎ ቁልፉን አዞረ። መጀመሪያ ንፁህ አየር አሽትቶ ራሱን ማረም አለበት አለኝ። ላየው ጠጋ አልኩ።

«ራቅ ይበሉ አባባ። ትንፋሽዎም ያሳስተዋል።»

በገዛ ጋራዤ እንዳልተነፍስ ተከለከልኩ። ቅጥሩን ዞሬ መጣሁ።

የሴንሰሩን ጥርስ ቅባት አስነክቶ ቱቦው ላይ አጠበቀው። ሽቦውን ከትኩሱ ቱቦ አርቆ አሰረ። ሞተሩን አስነሳ። ትልቁ ሳይጠራ መጥቶ በሩን ተደገፈ። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቅን። ዳኛው አሥራ ስድስት ነጥብ አምስት ላይ ቆመ።

«ፈረደ ይበሉት» አለ ትልቁ። «ነዳጅ አንሷል ይላል።»

የትንሹ ፊት ጠቆረ። «ብየዳው ያፈሳል ይበሉት። በስንጥቅ የገባ አየር ነው ሴንሰሩን የሚያታልለው።»

«የኔ ብየዳ ውሃ አይገባውም፣ አየር ይገባዋል?»

«ውሃ ሲያፈስ ይታያል፣ አየር ግን አይታይም ይበሉት።»

«ሽቦውን ይመልከት ይበሉት። እሱ የነካው ነገር መች ቀጥ ብሎ ያውቃል።»

ልቤ ወደ ትልቁ የዕቃ ሣጥን ሄደ፣ ከዚያ ወደ ትንሹ። የትኛው ነው የሚወጣው? የማላውቀው ሰው መጥቶ አንዱ ጥግ ላይ ሲሠራ ታየኝ። ተቀመጥኩ፤ ተነሳሁ።

ትንሹ ባልዲ ውስጥ ሳሙና በጠበጠ። ብየዳው የሚያፈስ ከሆነ አረፋው ይነፋል። «አባባ፣ መኪናው ውስጥ ይቀመጡና ቁጥሩን እያነበቡ ይጥሩልኝ» ብሎ ከሥር ገባ።

ገብቼ ተቀመጥኩ። እጄ ግን አልቀመጥ አለ። መስተዋቱን አዞርኩ፤ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። የማራገቢያውን ማብሪያ ነካሁ። ነፋሱ ሲመጣ ዳኛው ወደ አሥራ ሰባት ዘለለ። አጠፋሁት፤ ወረደ። ደገምኩት፤ ዘለለ።

ስንጥቅ ከሆነ ማራገቢያ ምን አገባው?

ወደ ተሳፋሪው እግር ማረፊያ ጎንበስ ብዬ ብሎኑን በጣቴ ፈለግኩት። ዙሪያው ልስልስ ነው። በጥፍሬ ጫርኩት። ጥፍሬ ሥር ግራጫ ነገር ገባ።

ገባኝ። ማሳው ቀለም ላይ ነው የታሰረው፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አፌን ልከፍት ነበር። ብናገር ትንሹ «ሆን ብሎ ነው የቀባው» ይላል። ትልቁ «ሳያይ ያሰረው ማን ነው» ይላል። ሁለቱንም ለኔ ነው የሚሉት። እኔም እስክቀበር መካከል ላይ ቆሜ እቀራለሁ። ማራገቢያውን አጥፍቼ ወረድኩ።

«ዓይኔ ቁጥሩን አይለይም» አልኩ።

«ቅድም ያነቡት አልነበር?» አለ ትንሹ ከሥር።

«ቅድም ቅድም ነው።» ወደ ትልቁ ዞርኩ። «አንተ ግባ።»

«እኔ?»

«ዳኛህ አይደል? ግባና ፍርዱን አንብብ።»

ገባ። ዓይኑን ጌጁ ላይ ተክሎ «አሥራ ስድስት ነጥብ አምስት ይላል ይበሉት» አለ።

ቁጥሩን አላደረስኩለትም።

«አባባ፣ ስንት አለ?» አለ ትንሹ። ሞተሩ ድምፁን ይውጠዋል።

«ጉሮሮዬ ደርቋል» አልኩና ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ለረጅም ጊዜ ሞተሩ ብቻውን አወራ። እግሬ ወደ ደረጃው ይጎትተኛል፤ አስገድጄ አቆምኩት። በኋላ ከመኪናው ሥር ለማንም ያልተባለ ድምፅ መጣ።

«ስንት ነው?»

ትልቁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያው ነው።»

«አረፋም የለም» አለ ትንሹ፣ ቅር እያለው። የወንድሙ ብየዳ አየር አላስገባም።

አሁን ነው አልኩ። ዞርኩና ትልቁን «ላብህ ወረደ፣ ማራገቢያውን ክፈት» አልኩት።

ከፈተ።

«ኧረ ቁጥሩ ተነሳ» አለ።

«ምኑን ነካኸው?»

«ማራገቢያውን።»

«አጥፋው እስኪ።»

«ወረደ።»

«ክፈተው።»

«ወጣ። ዳኛው እየጨፈረ ነው።»

«ማሳው ነው» ብሎ ትንሹ እየተንፏቀቀ ወጣ። ፀጉሩ ላይ አረፋ አለ። «ሞተሩን አጥፋና ባትሪ አምጣ፣ የእጅ ባትሪውን።»

ትልቁ አመጣ፤ እሱው ያዘለት። ሁለት ጭንቅላት በአንድ በር ገባ፤ የኔ ቦታ አልነበረም። ብሎኑ ሲፈታ ድምፁን ሰማሁ።

«ቀለም» አለ ትንሹ።

«እኔ ነኝ የቀባሁት።»

«ምን ብለህ?»

«ራቁቱን ነበር።»

ትንሹ ካቻቢቴውን እንደያዘ ቀና አለ። ወንድሙን ሳይሆን እኔን አየኝ። ትልቁም አየኝ።

«ራቁት ብረት አይደር ብያለሁ» አልኩ። «ለምን እንደተራቆተ ግን ይጠየቃል።»

«ማንን ልጠይቅ ነበር?» አለ ትልቁ።

ትንሹ ብርጭቆ ወረቀቱን አቀበለው። ትልቁ ፈተገ፤ ጉልበቱ ይበልጣል። ብረቱ አበራ። ትንሹ ሁለቱን ማሳ አሰረ፣ ካጠበቀ በኋላ ከላይ ትልቁ እንዲቀባው ፈቀደለት። «ከላይ ብቻ» አለው። «ከታሰረ በኋላ ብትፈልግ ካፖርት አልብሰው።»

ሞተሩ ተነሳ። ዳኛው አሥራ አራት ነጥብ ሰባት አለ። ማራገቢያው ቢከፈትም ቢዘጋም ንቅንቅ አላለም።

ለትልቁ የተፈረደለት ፍርድ ከእጁ ወጥቷል።

«ይሄ ቆመን ነው» አለ ትንሹ። «አልዳንኩም። ተራራው ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ ቁጥሩ ወደ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት መውረድ አለበት። ካልወረደ ፒስቶኑን ያቀለጥኩት እኔ ነኝ።»

«ከወረደስ?»

«አንተ ነሃ።»

«እሺ። እኔ እነዳለሁ፣ ቁጥሩን ማን ያነባል?»

«አንተ ልትነዳ? መልሰህ ልታቀልጠው?»

«ታዲያ እንዴት እንደነዳሁት በምን ልታውቅ ነው? እንደዚያው ነው የምነዳው። አንተ አጠገቤ ቁጭ በልና አንብብ።»

«ሁለተኛ ማርሽ አስገባ ስልህ ታስገባለህ?»

«ካላስጮህከኝ አስገባለሁ።»

«ባይወርድስ? ዕቃህን ይዘህ ትወጣለህ?» አልኩት ትንሹን።

ትከሻውን ነቀነቀ። «መጀመሪያ ማዶ እንድረስ አባባ። መኪናው ማዶ ካልደረሰ ዕቃዬን በምን ጭኜ ልወጣ ነው።»

ትልቁ በቁልፉ ጎማውን መታ መታ አደረገ። «እናቴም እዚያው ናት» አለ፣ አሁን ትዝ እንዳለው ሰው። ትንሹ ምንም ሳይል የኋላ ወንበሩን ከዕቃ አጸዳ።

በሩን ከፈትኩላቸው። መኪናው ገና ከቅጥሩ ሳይወጣ ትንሹ «ፍሪሲዮኑን አትርገጠው እንዲህ» ሲል፣ ትልቁ «አንብብ ተባልክ እንጂ ንዳ አልተባልክም» ሲል ሰማሁ። መታጠፊያው ላይም ድምፃቸው ይሰማ ነበር።

ደረጃውን ወጥቼ ስልክ ደወልኩ።

«ምን ሆንክ?» አለች ባለቤቴ።

«ልጆችሽ ወጥተዋል። ወደዚያ እየመጡ ነው።»

«ይነጋገራሉ?»

«ይሰዳደባሉ።»

ከኋላዋ የእህቷ ሬዲዮ ይሰማል።

«እርስ በርሳቸው? አንተ መሃል ሳትገባ?»

«እርስ በርሳቸው።»

«በአንድ መኪና?»

«በአንድ መኪና።»

«በል ልብሴን ላጣጥፍ» አለች። «ድስቴን ምን አደረግከው?»

«ደህና ነው» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። መስኮቱ ጋ ሄድኩ፤ መንገዱ ባዶ ነው። ተራራው ላይ ቁጥሩ ስንት እያለ ይሆን? ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ከጋራዡ የብርጭቆ ወረቀት አምጥቼ የድስቱን ቂጥ መፈተግ ጀመርኩ።