ሱፍ የታሰረበት ረድፍ

ኤዱቪና አበልጇን ሱኒልዳን ባየች ቁጥር በቅናት ትብከነከናለች። ሁለቱም አታካማ በረሃ ላይ በተዘረጋው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ የሶላር ሰሌዳ ጠራጊዎች ናቸው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ የሰሌዳ ረድፍ አለው። ማታ ማታ አለቃው ዶን ኤልያዛር የማን ረድፍ ብዙ ኤሌክትሪክ እንደሰጠ ይናገራል፤ ሁልጊዜ የሱኒልዳ ነው።

የካርኒቫል በዓል ሲቃረብ ዶን ኤልያዛር፣ "በዚህ ሳምንት ረድፏ የበለጠላት የጠራጊዎች ኃላፊ ትሆናለች" አለ።

ኤዱቪና ነገሩ አላስቻላትም። አብራት ላማ ስታግድ አቧራ የቃመች፣ ልጇን ክርስትና ያነሳች ሱኒልዳ ልታዛት ነው!

"ረድፍሽን ምን ቀብተሽው ነው?" አለቻት።

"ላቤን ነዋ፣ አበልጄ።"

"የኔ ላብ ውሃ ነው?"

"አንቺን የሚያልብሽ ምላስሽን ነው!" ብላ ሱኒልዳ በሳቅ ፈረሰች።

ኤዱቪና ነገሩን ዋጥ አድርጋ አደረች። በነሱ አገር በካርኒቫል የላማ ጆሮ ላይ ባለቀለም ሱፍ ይታሰራል፤ ያጌጠ መንጋ ይረባል ይላሉ። ረድፏስ መንጋ አይደል? ጠዋት ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞራል፣ ቀኑን ሙሉ ይከተላታል። ሰው ሳይደርስ ማልዳ ሄደችና በየሰሌዳው ጫፍ ወፍራም ወፍራም የሱፍ ዘርፍ አሰረች። መሬቱም እንዳይከፋው የበቆሎ ጠላ ጠብ አደረገችለት።

ማታ ረድፏ ከሁሉም መጨረሻ ወጣ።

"ዓይኗን ጥላብኝ ነው!" ብላ በሰው ፊት ሱኒልዳ ላይ ጮኸች። "ይቺ ቡዳ!"

"ዓይን ኤሌክትሪክ አይቀንስም፣ ዶኛ ኤዱቪና" አለ ዶን ኤልያዛር። "ነገ ሄደን እናየዋለን።"

በማግስቱ ሁሉም ወደ ኤዱቪና ረድፍ ሄዱ። ዘርፉ መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሎ ጥላውን ጥሏል።

"ጉድ ነው! ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው መስታወቱን የሚመታው ብርሃን እኮ ነው" አለ ዶን ኤልያዛር። "ሰሌዳዎቹ ደግሞ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ላይ ጥላ ሲወድቅ ሌሎቹንም ይዟቸው ይደክማል። ማን ነው ይሄን ያሰረ?"

ሱኒልዳ ሱፉን አየችው። ቀይና ብርቱካናማ፣ የኤዱቪና ቤት ለላማዎቹ የሚያስረው ቀለም ነው። "እኔ ነኝ" አለች። "ለበዓሉ እንዲያምር ብዬ።"

"እንዲህ ከሆነማ ኃላፊነቱ ለርስዎ አይሆንም።"

ኤዱቪና አፏ ላይ የመጣው ምስጋና አልነበረም። በሥራ በለጠቻት፣ እሺ። አሁን ደግሞ በደግነትም ልትበልጣት ነው? ዕድሜ ልኳን "ሱኒልዳ ያኔ ባታድናት ኖሮ" እየተባለ ሊወራባት?

"ውሸቷን ነው!" ብላ ጮኸች። "የኔ ሱፍ ነው! በገዛ እጄ ያሰርኩት እኔ ነኝ! ኃላፊነቱን ስጧት፣ ከነደግነቷ ትውሰደው!"

ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ኤዱቪና ዘርፉን ከየሰሌዳው መንጨት ጀመረች። ሱኒልዳ ግን ከመሬት አንዱን አንስታ ባርኔጣዋ ላይ ሰካችው።

"ኃላፊ ሆንኩ ብለሽ የሰው ንብረት አትውሰጂ!" አለች ኤዱቪና። "አምጪው ሱፌን!"