ሰባተኛ ‘ለ’ አንድ ሆነ

ማክሰኞ ጠዋት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ የሰባተኛ ‘ለ’ አርባ ሦስት ተማሪዎች አንድ ልጅ ሆኑ።

መምህርታቸው ትርሲት ይህ ሲሆን አላየችም። ፊቷ ወደ ሰሌዳው ነበር። የእንግሊዝኛ ግስ ከባለቤቱ ጋር በቁጥር መስማማት እንዳለበት እያስተማረች ነበር። ባለቤቱ አንድ ሲሆን ግሱ ጫፉ ላይ ‘ኤስ’ ይጨምራል፤ ብዙ ሲሆን ይተዋል። ይህን ጽፋ ጨርሳ የቀራት አንድ ምሳሌ ብቻ ነበር። መጽሐፉ ‘ክላስ’ የሚለው ቃል በውስጡ የቱንም ያህል ሰው ቢኖር እንደ አንድ ይቆጠራል ይላል። እሷም እንዳለ ገለበጠችው፤ ከሥሩ በቀይ ጠመኔ አሰመረችበት፤ ሳትዞርም፣

“ገባችሁ?” አለች።

“አዎ ቲቸር!” አለ ክፍሉ።

ድምፁ እንደ ሁልጊዜው አንድ ላይ ወጣ። እጇን አራግፋ ስትዞር በሦስተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ ልጅ ተቀምጧል። ሌላው ወንበር ሁሉ ባዶ ነው። ደብተሮቹ እንደተገለጡ፣ ሹራቦቹ የወንበሮቹ መደገፊያ ላይ እንደተንጠለጠሉ ናቸው።

“ሌሎቹ የት ሄዱ?”

“አለን፣ ቲቸር” አለ ልጁ።

ዕድሜው አሥራ ሦስት ገደማ ነው። የትምህርት ቤቱን የደንብ ልብስ ለብሷል። ፊቱን ስታየው የምታውቀው ልጅ ነው፤ ስሙን ልትጠራ አፏን ስትከፍት ግን ሌላ የምታውቀው ልጅ ይሆናል። ትርሲት የስም መጥሪያውን አወጣችና ከአንድ ጀምራ ጠራች። ልጁ ለእያንዳንዱ ስም “አቤት” አለ። ሳይሰለች፣ ሳይፈጥን፣ አርባ ሦስት ጊዜ።

ተራ ቁጥር አራት ላይ ስትደርስ ከመጥሪያው ቀና ብላ አየችው። አራት ቁጥር ሐመልማል ናት፣ የአከራይዋ የእትዬ አስካለ ልጅ። እትዬ አስካለ ሌላ ልጅ የላትም። ትርሲትና ሐመልማል ከአንድ ግቢ ወጥተው በአንድ መንገድ ስለሚመጡ፣ እናትየው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ “አደራ ትርስዬ፣ አብራችሁ ሂዱ፣ አብራችሁ ተመለሱ” ትላለች። ትርሲት ለሁለት ዓመት አብራት ሄዳ አብራት ተመልሳለች።

አቶ በድሉ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ ተጠርተው መጡ። ልጁን ቆጠሩት። ከበሩ ጀርባ አዩ፤ ወደ መስኮቱ ሄደው ወደ ሜዳው ተመለከቱ።

“ስንት ናቸው?”

“አርባ ሦስት።”

“የማየው አንድ ነው እኮ።”

“እሱ ናቸው፣ አቶ በድሉ። ስም ስጠራ ሁሉም አቤት ብለዋል።”

“አቤት ካሉማ የቀረ የለም” አሉ፣ ትንሽ ቀለል እያላቸው። “የጠፋም የለም። የፖሊስ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው።” ትንሽ አሰቡ። “ሳምንታዊ ሪፖርቱ ላይ ግን ምን ተብሎ ይጻፋል? ‘መጡ’ ነው ‘መጣ’?”

“አላውቅም።”

“እንዴት አታውቂም? እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ይሄ የናንተ ሥራ ነው።” ብዕራቸውን አወጡ። “እንግዲያው በነጠላ ይሁን። በነጠላ ስንጽፍ ቢያንስ የሚያየውን ሰው አናሳስትም።”

ስለዚህ ልጁ በነጠላ እንዲጠራ ተወሰነ። ያልተቀበሉት ዘበኛው ጋሽ መንበሩ ብቻ ናቸው። እሳቸው ልጁ ሲገባና ሲወጣ ከወንበራቸው ይነሣሉ። “እንደምን አደሩ? ይግቡ” ይሉታል። አቶ በድሉ ለምን ሲሉ ቢጠይቋቸው፣ “አርባ ሦስት ሰው አንተ አይባልም፣ ጌታዬ። እኔ እንዲያ ተደርጌ አላደግሁም” አሉ።

ትርሲት በዚያው ቀን የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች። ‘ክላስ’ የሚለውን ምሳሌ አጠፋች። በምትኩ ‘ተማሪዎቹ’ ብላ ጻፈች፤ ግሱንም አስተካከለች፤ ልጁንም ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረገች። ጥሩ አድርጎ አነበበ። አንድ ልጅ ሆኖ ቆሞ፣ በብዙ ቁጥር፣ ያለ አንድ ስሕተት።

“ገባህ?” አለችው።

“አዎ ቲቸር።”

ለአቶ በድሉ ያልነገረቻቸው አንድ ነገር ነበር። በዚያ ክፍል ሁልጊዜ ‘አዎ’ የማትል አንዲት ተማሪ ነበረች። ሌላው ሁሉ ገባውም አልገባውም “አዎ ቲቸር!” ሲል፣ ሐመልማል አፏን ገጥማ ሰሌዳውን ታያለች፤ ከዚያ እጇን ታወጣለች። ጥያቄዋ ሲመለስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው፤ ከወረዳ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው፤ መጽሐፉ ከግማሽ አላለፈም። ማክሰኞ ጠዋት መንገድ ላይ ትርሲት እንዲህ ብላት ነበር፤ “ሐሙ፣ ዛሬ ብቻ፣ ሁሉም አዎ ሲል አንቺም አዎ በይ። ያልገባሽን ቤት አስረዳሻለሁ።” ሐመልማል፣ “እሺ” አለች።

በዚያው ዕለት ወደ ማታ ወላጆች ተጠሩ። በልጆቻቸው ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ልጁ ከፊታቸው ቆመ። መጀመሪያ ለቅሶ ሆነ፤ ከዚያ ሁሉም የየራሱን ልጅ ማየት ጀመረ።

“የኔ በግራ እጁ ነው የሚጽፈው” አሉ አንድ ልብስ ሰፊ። ልጁ ጠመኔውን በግራ እጁ ይዞ ስሙን ጻፈ። የልብስ ሰፊው ልጅ ስም ነበር።

“የኔይቱ በቀኝ ናት” አለች አንዲት ሴት። ልጁ ጠመኔውን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ።

የተሳሳተ ሰው አልነበረም። ችግሩ ያ ነበር። ግማሹ “መጣልኝ” ይላል፣ ግማሹ “መጣችልኝ” ይላል፤ ሁሉም ግን እጁን ይዞ ወደ ቤቱ ሊወስደው ተነሣ፤ የልጁም ሁለት እጅ አልበቃ አለ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ጠረጴዛ እየደበደቡ፣ “ኧረ ልጁን ልትበጥሱት ነው! ዕጣ እናውጣ፤ እቁብ የማያውቅ ሰው አለ እንዴ እዚህ?” አሉ።

በዚህ ማንም አልተከራከረም። ከደብተር ወረቀት ተቀደደ፤ ተጣጠፈ፤ በሰብሳቢው ባርኔጣ ውስጥ ተደረገ። ልጁ በየዕጣው ተራ አንድ ቀን ከአንድ ቤተሰብ ጋር ይሆናል፤ በነጋታው ለቀጣዩ ይተላለፋል፤ ዙሩ ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል።

“እኔ መንታ ነው ያለኝ” አለች አንዲት እናት። “ሁለት ቀን ይገባኛል።”

“አንድ ላይ ይመጡልሽ የለም ወይ፤ ምን ጎደለብሽ?” አሏት ልብስ ሰፊው።

“የርስዎ ቢሆን እንዲህ ይሉ ነበር?”

ሁለት ቀን ተሰጣት። እትዬ አስካለ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ሆና ወረቀቷን አነሣች። ሠላሳ ስምንት ይላል። ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ አደረገችና ወደ ትርሲት ዞራ፣ “ሠላሳ ስምንት ቀን ይደርሳል፣ አይደል?” አለች።

“ይደርሳል፣ እትዬ አስካለ።”

“አንቺ ግን ከዚያ በፊት ታመጪልኛለሽ። አስተማሪዋ አይደለሽ?”

ትርሲት አንገቷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ይሁን አይሁን ራሷም አላወቀችውም።

በሁለተኛው ሳምንት ሱፐርቫይዘሩ ከወረዳ መጣ። ከኋላ ተቀምጦ ትምህርቱን ተከታተለ። ጫጫታ አልነበረም። ጥያቄ ሲጠየቅ መቶ በመቶ ይመለሳል። የመጽሐፍ እጥረት በሌሎች ትምህርት ቤቶች አንድ ለአራት ሲሆን፣ እዚህ አንድ ተማሪ አርባ ሦስት መጽሐፍ አለው። ቅጹ ላይ “መልካም ተሞክሮ፤ ለሌሎች ክፍሎች ይስፋፋ” ብሎ ፈረመ።

“እንዲመለሱ የሚደረግበት መንገድ ካለ ብዬ ነበር” አለች ትርሲት፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ወዴት?” አላት ሱፐርቫይዘሩ። ከልቡ ነው የጠየቃት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆን ብላ እየተሳሳተች መጻፍ ጀመረች። ለአንድ ባለቤት የብዙ ግስ ትሰጣለች፤ ለብዙ ባለቤት የአንድ። ሐመልማል በውስጡ ካለች እንዲህ ያለውን አይታ ዝም ልትል አትችልም ብላ ነው። ጽፋ ትዞርና የልጁን አፍ ታያለች።

“ገባህ?”

“አዎ ቲቸር።”

“ያልገባው እጁን ያውጣ።”

ልጁ ወደ ግራ ያያል፤ ወደ ቀኝ ያያል፤ እጅ የሚያወጣ ሰው ካለ ብሎ። ከዚያ እጆቹን ዴስኩ ላይ መልሶ ያስቀምጣል። አንድ ሐሙስ ብቻ ‘አዎ’ ከማለቱ በፊት ቆም አለ። ከንፈሩ ተገጠመ። ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ቀረ። ትርሲት ጠመኔውን ጥላ ወደ እሱ ሄደች፤ “በይ! በይ ሐሙዬ፣ አልገባኝም በይ” አለችው። ልጁ አነጠሰ። ከዚያ “አዎ ቲቸር” አለ።

ልጁ በየቤቱ ዶሮ እየታረደለት ወፈረ። ቀሚስም ሱሪም ተሰፋለት። በየቤቱ የሚያውቀው ቀልድ፣ የሚጠላው ወጥ፣ የሚተኛበት ጎን ነበረው፤ የትም ቤት አልተሳሳተም። በነጋታው ሲያስረክቡት የሚያለቅሱ ነበሩ። እያደር ግን ማልቀሱ ቀነሰ። አንዳንዶች ተራ መቀያየር ጀመሩ፤ አንዱ ሠርግ አለብኝ ብሎ፣ ሌላዋ ለገበያ እሄዳለሁ ብላ። እትዬ አስካለ ለማንም አልቀየረችም። ግቢውን አስጠረገች፤ የሐመልማልን አንሶላ ሦስት ጊዜ አጠበች።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ትርሲት ልጁን ይዛ ወጣች። ጋሽ መንበሩ ተነሥተው፣ “በደህና ይግቡ” አሉ። መንገዱን ልጁ ያውቀዋል። የት ጋ ድንጋይ እንዳለ፣ የቱ ግቢ ውሻ እንዳለ ያውቃል።

እትዬ አስካለ በር ላይ ቆማ ነበር።

“መጣች” አለች።

“መጥተናል፣ እማዬ” አለ ልጁ።

ሳፋ ላይ ውሃ ቀርቦ ነበር። እናትየው ልጁን በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ ጫማውን አውልቃ፣ እግሩን ማጠብ ያዘች። ጣት በጣት እያየች፣ ቀስ ብላ። ትርሲት አጠገቧ ተንበረከከች።

“እትዬ አስካለ፣ እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ሐሙን አዎ በይ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ አትልም ነበር።”

እትዬ አስካለ እግሩን ከማጠብ አላቋረጠችም።

“እኔስ?” አለች። “ሰው ፊት ‘ለምን’ ስትለኝ ከጎኗ እቆነጥጣት የለ። እሺ በይ እያልኩ አይደል ያሳደግኋት።”

“አሁን ምን እናድርግ?”

“አላውቅም፣ ትርስዬ። አስተማሪዋ አንቺ ነሽ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።”

ውሃውን በእጇ ጨልፋ እግሩ ላይ አፈሰሰችና፣ “በቃ ግቢ፣ ምግብ ቀርቧል” አለችው። ልጁ ተነሣ። ከሳፋው እስከ ቤቱ በር አሥር እርምጃ የማይሞላ ሲሚንቶ ነው። በእርጥብ እግሩ ተራመደ፤ ገባ።

ሲሚንቶው ላይ የእግር አሻራ ቀረ። ትርሲት መቁጠር ጀምራ ተወችው። ሰፊ አለ፤ ቀጭን አለ፤ ተረከዙ ብቻ ያረፈ አለ፤ በጣም ትንሽ፣ ሮጦ ያለፈ የሚመስል አለ። አንዱ በሌላው ላይ ተነባብሮ፣ ቦታ ተሻምቶ፣ ሁሉም ጣቱን ወደ በሩ አዙሯል። በግቢው ውስጥ ሰልፍ ያለፈ ይመስላል። ፀሐዩ ጠንካራ ነበር። ከዳር ያሉት መድረቅ ጀመሩ።

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብላ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች። ከበሩ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ሁለተኛዋ ጣት አውራ ጣቱ ላይ የወጣች አንዲት የግራ እግር ነበረች።

“ይቺ ናት” አለች። ድምፅዋ ጸጥ ያለ ነበር። “እየውልሽ፣ የኔው እግር።”

ተቀመጠች። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ በሁለት እጇ ዘርግታ በአሻራዋ ላይ ጥላ ሠራችላት። በዙሪያዋ ያሉት አንድ በአንድ ከሲሚንቶው ላይ ጠፉ። ትርሲት የጣሳ ውሃ ይዛ መጥታ ቆመች፤ ቢያፈሱበት አሻራው ይሄዳል፤ ባያፈሱበት ይደርቃል። ጣሳውን እንደያዘች ቀረች።

“እማዬ” አለ ልጁ ከውስጥ። “ወጡ ቀዘቀዘ።”

እትዬ አስካለ አልተነሣችም። የተረከዟ ጠርዝ ነጣ። ነጠላዋን ዝቅ አደረገች።

“እማዬ፣ ነይ እንጂ።”

“መጣሁ” አለች፣ ዓይኗን ከሲሚንቶው ሳታነሣ። በነጠላው ጥላ ሥር አምስት ጣቶች ቀርተው ነበር፤ ከዚያ አራት።