እጀታ የሌለው በር

እታለም የእህቷን ባል የናቀችው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ለትውውቅ የመጣ ዕለት፣ ገና የተሳበለት ወንበር ላይ ሳይቀመጥ፣ ጣሪያቸው የተሠራው ተገልብጦ እንደሆነ አስረዳቸው። ከዚያ ወዲህ ያልነካካው፣ ነካክቶም ያላበላሸው ነገር የለም። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ጠግኖ ወጥ ቤቱን አጥለቅልቋል፤ አንዲት ሶኬት አስተካክሎ ቤቱን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ከቷል። ሁሌም ከአፉ የምትቀድመው “ለኔ ተዉት” የምትለው ቃል ስለነበረች፣ ቅጽል ስሙም እሷው ሆና ቀረች። ሌላው ሰው ከጀርባው ነው የሚለው። እታለም ግን ፊት ለፊት ትጠራዋለች፤ እሱ ደግሞ ሙገሳ ይመስለዋል።

አባቷ ዕድሜ ልኩን የነዳው የጭነት መኪና ጓሮ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ዝገት ሲበላው ኖሯል። እታለም የምትተዳደረው የመኪና ወንበር በማልበስ ነው። አባቷ ሲሞት ዘመድ አዝማዱ “ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጥ” ቢላት አሻፈረኝ አለች። በትርፍ ጊዜዋ ብሎን በብሎን እየፈታች አድሳው አሁን ቀለም ብቻ ቀርቶታል። ቀቢው ነገ ጠዋት ስለሚመጣ የሁለቱ በሮች እጀታና የመስታወት ማዞሪያ ዛሬ ተነቅሎ ማለቅ አለበት። ይህን የመሰለ ቀን መርጣ ነው እንግዲህ ታናሽ እህቷ ባሏን የላከችባት።

“ቤት ውስጥ ሲንቆራጠጥ ከሚውል አንቺን ያግዝሽ” አለቻት በስልክ።

ለኔ ተዉት እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ። እታለም የውጭውን እጀታ ከሁለቱም በሮች ጠዋት ነቅላ ጨርሳ፣ የሾፌሩን በር የውስጥ ሽፋን አውልቃ፣ ማዞሪያው ላይ ናፍጣ እያንጠባጠበች ነበር።

“መዶሻ የለም እንዴ እታለም?”

“ናፍጣው ዝገቱን ሰርስሮ እስኪገባ ትንሽ ይቆይ።”

“ናፍጣ! የድሮ ሰው ዘዴ እኮ ነው።”

“መኪናውም የድሮ ነው።”

አልገባውም። እሷም እንዲገባው አልጠበቀችም። ከማዞሪያው ጀርባ የተሸሸገችውን መያዣ ሽቦ በቀጭን ቆልማማ ብረት ፈልጋ ስባ አወጣች፤ ማዞሪያው እጇ ላይ ወደቀ። የእጀታው ብሎኖች ግን ጭንቅላታቸው ተበልቶ ካቻቢቴ አልይዝ አሏት። በብረት መጋዝ አዲስ ስንጥቅ አውጥታላቸው፣ ትከሻዋን ደግፋ ስትጠመዝዝ እንደሚታረድ ነገር እየጮሁ ወጡ። እሱ ከጎኗ ቆሞ “ወደ ግራ፣ ወደ ግራ” ይላል፤ ወደ ቀኝ የሚፈታ ብሎን ያየች ይመስል።

“አሁን ይሄን በር እንዳትዘጋው” አለችው። “መክፈቻው ሁሉ እኔ ጋ ነው። እዚያኛውን በር ናፍጣ ቀብተህ ተወው፤ እጄን ታጥቤ እመጣለሁ።”

“ለኔ ተዪው።”

ገና ሳሙናውን ሳታነሳ የመዶሻ ድምፅ ሰማች። ለኔ ተዉት በሾፌሩ በኩል ገብቶ፣ እሷ አልብሳ የጨረሰችው አዲስ ወንበር ላይ ከነጫማው ተንበርክኮ፣ የወዲያኛውን በር ይደበድባል። ማዞሪያው ተሰበረ። እጀታውም ከሥሩ ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። በዚህ መሐል ጎረቤት ያለው ብየዳ ቤት የብረት መቁረጫውን አስነሳ። ጩኸቱ የከበዳቸው ክቡርነታቸው እጃቸውን ዘርግተው የሾፌሩን በር ድርግም!

እታለም ስትመለስ ከመስታወቱ ጀርባ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

“በሩ እምቢ አለ!”

“የቱ በር?”

“ሁለቱም!”

“አንተ እያለህለት?”

በሾፌሩ በር ሆድ ውስጥ፣ ሽፋኑ በተነሳበት ቀዳዳ በኩል፣ አውራ ጣት የምታህል ምላስ አለች። እሷን ወደ ላይ ገፋ ካደረጓት በሩ ይከፈታል። እታለም ይህን ታውቃለች። አልነገረችውም። በርጩማዋን ስባ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠችና የነቀለቻቸውን እጀታዎች በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ጀመረች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ቆርቆሮው ሙቀቱን ሲያወርድበት ላቡን በክራባቱ ሲጠርግ አየችው። መኪና ሊፈታ ክራባት አስሮ የመጣ ሰው! መስታወቱን አንኳኳ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

እህቷ የደረሰችው ይሄኔ ነው። ባሏ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ አየችው።

“ምን ሆኖ ነው?”

“ራሱን ቆልፎ።”

“መክፈቻ የለውም?”

“አለው። አልጠየቀኝም።”

እህቷ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ድምፅዋን አላነሳችም።

“እሱን ስትንቂው የምትንቂው ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ? መርጬ ያገባሁት እኔ ነኝ።”

እታለም ብሩሹን አስቀመጠች። ተነስታ ወደ መስታወቱ ቀረበችና ጮኸች።

“ቀዳዳው ውስጥ እጅህን ክተት! ትንሿን ምላስ ወደ ላይ ግፋት!”

“አውቃለሁ! ልገፋት ነበር!” አለ ለኔ ተዉት።

ከተተ። የያዘው ግን ምላሷን ሳይሆን መስታወቱን የተሸከመውን፣ ዝገት የጨረሰውን ማቀፊያ ነው። በሁለት እጁ ጎተተው። የአባቷ መስታወት፣ ስንት አገር ያቋረጠው መስታወት፣ እንደ ወረቀት ሸርተት ብሎ ወረደና በሩ ሆድ ውስጥ ተንኮታኮተ።

ጭንቅላቱ በባዶው መስኮት ብቅ አለ። “ይኸው፣ ተከፈተ!” ብሎ በዚያው ተንጠላጥሎ ወጣ፤ ሱሪው ተቀደደ። እታለም በመስኮቱ እጇን ሰዳ ምላሷን ነካ ስታደርጋት በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

“ቶሎ ብትነግሪው ኖሮ” አለች እህቷ፣ ቀሪውን ሳትጨርሰው። ሁለቱ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን ሲለቅሙ እሱ ከኋላቸው ቆሞ መስታወት ድሮ እንዴት ይሠራ እንደነበር ያስተምራቸዋል።

ቀቢው መጣ፤ መኪናው አረንጓዴ ሆነ። ለዚያ በር የሚሆን መስታወት ግን የትም ጠፋ። እታለም ወፍራም ላስቲክ ቆርጣ፣ ዳሩን ሰፍታ፣ መስኮቱ ላይ ወጠረችበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መንገድ ያወጣችው ቀን ሦስቱም ጋቢና ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ፤ እሱ በመሐል። ላስቲኩ ጆሮዋ ሥር ይንጠፋጠፋል። ለኔ ተዉት ዳገቱ ገና ሳይጀምር ማርሹን መቼ መቀየር እንዳለባት ይነግራታል። ከወዲያኛው መስኮት እህቷ ዓይን ዓይኗን ታያታለች።

እታለም ንቀቷን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠችና በራሷ ጊዜ ማርሹን ቀየረች።