ለሣሩ አሥር ቀን

ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍልና በአጥሩ መካከል ያለውን ሣር አላጭድም አልኩ። አላጭድም! አትክልተኛዋ እኔ ነኝ፤ የማጨጃው ማሽንም በእኔ ፊርማ የወጣ ንብረት ነው።

አምና እሺ ባይ ነበርኩ። እንግዳ ይመጣል ሲሉኝ ሣሩን ድምጥማጡን አጠፋሁት። የታጨደውን ሳሰባስብ ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ነገር ተሰንጥቃ አየሁ፤ ውስጧ የታጠፈ ቡናማ ክንፍ ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ቡናማዎቹን ቢራቢሮዎች እንደ ጎረቤት አውቃቸዋለሁ። አበባ ብዙም አይወዱም፤ ወድቆ የበሰበሰ ፍሬ ይሻላቸዋል። እንቁላላቸውን ሣር ላይ ይጥላሉ። የተፈለፈለው ትል መጀመሪያ የራሱን ቅርፊት ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ሣር፣ ሣር ብቻ። ቀን ቀን ከሣሩ ግርጌ ይሸሸጋል፤ መልኩም ከሣሩ አይለይም። ሲጠግብ ራሱን ገንዞ ከአገዳው ላይ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ዘንድሮ አላጭድም ባልኩበት ሳምንት የተንጠለጠሉት ሠላሳ አንድ ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት አስተዳዳሪው መጣ።

"ነገ እንግዶች አሉ። ይሄ ጫካ ይታጨድ!"

"አሥር ቀን ይስጡኝ፤ እነዚህ የተንጠለጠሉት ቢራቢሮ ሆነው ይብረሩ፤ ከዚያ ምንጣፍ አስመስለዋለሁ።"

"ለትል ብለሽ?"

"አሁንማ ትል አይደሉም፤ ትል ነበሩ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ?"

"ባይኖረኝም ሆስፒታሉ ቅርብ ነው።"

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሹፌሩን ጠርቶ "ማሽኑን አስነሣ!" አለው። ሹፌሩ ገመዱን ቢስብ፣ ቢስብ፣ ማሽኑ ወይ ፍንክች። ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር።

ማክሰኞ እንግዶቹ መጡ፤ ዎርዶቹን አይተው ሄዱ። ከሕንፃው ጀርባ ብቅ ያለ አንድም ሰው የለም።

ሽማግሌው ዘበኛ ግን አዘነልኝ። "ልጄ፣ ከአለቃ ጋር ግብግብ ግድግዳ መግፋት ነው" አለኝ።

"ግድግዳውም ይነቃነቅ፣ አባባ" አልኩት። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ልቤ ይደልቅ ነበር። እኔንም እናቴንም የሚያኖረን ይሄው ሥራ ነው።

ሐሙስ ደብዳቤ ደረሰኝ። "የታዘዙትን ስላልፈጸሙ ከሥራ ተሰናብተዋል። በእጅዎ ያለውን ንብረት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ያስረክቡ። ርክክቡ እስኪያልቅ ማሽኑን ሌላ ሰው እንዳይነካው።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ እንባዬ መጣ፤ ከዚያ ሣቄ አሸነፈው።

እኔ የለመንኩት እኮ አሥር ቀን ነበር።