የአባባ ጢም

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሰው ሲያወራኝ ዓይኑን ሳይሆን ጆሮ ግንዱን ነው የማየው፤ ችኩል ይሁን ዝግተኛ፣ ማን እንዳስተካከለው፣ ጠዋት ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንደወጣ ሳይቀር እዚያ ይነበባል። የባለቤቴን ታናሽ እህት ያገባው ኢንጂነር መጀመሪያ ቤት የመጣ ቀን እንከን ፍለጋ ማጅራቱን ከግራ ወደ ቀኝ አሰስኩት። አንዲት የተዛነፈች ፀጉር አጣሁበት። የጠላሁት ያን ዕለት ነው።

በሌላው ሁሉ ይብለጠኝ ብዬ ትቼለት ነበር። መኪናው ይብለጥ፤ ቤቱም ይብለጥ፤ ደግሞም ይበልጣል። አንድ ነገር ግን የእኔ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አማታችንን፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸውን ሰው፣ ጢማቸውን የምላጫቸው እኔ ነኝ። አባባ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ከአፋቸው ቃል ለማውጣት የሚከብድ፣ ልጆቻቸውን እንኳ በዓይን ብቻ የሚያናግሩ ሰው ናቸው። ፊታቸው ላይ አረፋ ሲያርፍ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። የፈረዱትንና ዛሬም የሚቆጫቸውን፣ ከሟች ባለቤታቸው ጋር የተኳረፉበትን፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳቸውን ለእኔ ይነግሩኛል። ኢንጂነሩ ይህን ሁሉ ዓመት «ደህና ነህ ልጄ» ከማለት በቀር ምን ሰምቷል? ምንም። እኔ ደግሞ በዚህ ደረቴን ነፍቼ እኖር ነበር።

ወደ ተራራው እንሂድ ያለው እሱ ነው። «ቤተሰቡ አየር ይቀይር፣ በእግሩ ይንሸራሸር» አለና ደጃፉ ላይ ሰፊ የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት ተከራየ። ሁሉም አመሰገነው፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ አመሰገንኩት። ሻንጣ ስናዘጋጅ ምላጬን፣ ብሩሼንና ሳሙናዬን በፎጣ ጠቅልዬ ሳስገባ ባለቤቴ አየችኝ።

«ዕረፍት ነው እኮ የምንሄደው፤ ይህን ምን ያሸክምሃል?»

«ተራራ ላይ ቅዳሜ የለም ያለሽ ማነው?»

ካልሲ ማጠፏን ቀጠለች።

የደረስን ዕለት ማምሻውን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን ተራራው ሰማያዊ ሆኖ ተደርድሯል፤ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ይራወጣሉ። ሻይ ሲመጣ ልቀዳ እጄን ወደ ማንቆርቆሪያው ስዘረጋ ባለቤቴ ቀደመችኝና ለኢንጂነሩ አቀበለችው። «አንተ ቅዳልን» አለችው። እሱም ተነስቶ ለሁሉም ቀዳ፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችበትም።

«ሻይ ለመቅዳትም ዲግሪ ይጠየቃል እንዴ?» አልኩ።

ሳቁልኝ። አባባ ሻያቸውን እያማሰሉ እኔን ሳይሆን ብርጭቆዬን ያዩ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጉም ቤቱን አልብሶት ነበር። ከሁሉም ቀድሜ ተነሳሁ፤ ውሃ አፈላሁ፤ በረንዳው ላይ ወንበር አወጣሁና ፎጣዬን መደገፊያው ላይ አነጠፍኩ። ከአባባ ክፍል እዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ንብ ገብታ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ድምፁ ቆመና በሩ ተከፈተ፤ አባባ ተላጭተው ወጡ። ከኋላቸው ኢንጂነሩ አንዲት ጥቁር የጢም መላጫ ማሽን ይዞ ፈገግ ብሏል።

«ጋሼ፣ ዛሬማ አንተም ዕረፍት አድርግ» አለኝ።

ጋሼ ሲለኝ ራሱ ያናድደኛል። ፎጣዬን ካነጠፍኩበት አንስቼ አጠፍኩ። ተነስቶ በረንዳው ላይ የወጣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ጉሙ መለሰ። ባለቤቴ ያፈላሁትን ውሃ ወሰደችና ብርጭቆ አጠበችበት። ግን ምን ልበል? አባባን ላጨህብኝ ተብሎ ሰው ይከሰሳል?

ከቁርስ በኋላ ፏፏቴውን ልናይ ወጣን። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ እንጂ ምላጬን፣ ብሩሼን፣ ሳሙናዬንና ፎጣዬን ከዳቦው ጋር በጀርባ ቦርሳዬ ይዣለሁ። መንገዱ የተራራውን ወገብ ይዞ የሚዞር ደልዳላ የእግር መንገድ ነው፤ በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ ገደል። ልጆቹ ከፊት ይሮጣሉ። አባባ ከዘራቸውን ይዘው፣ ኢንጂነሩ ክርናቸውን ደገፍ አድርጎ ይሄዳሉ። እኔ ከኋላቸው ነኝ። ከዚያ ሆኜ ነው ያየሁት፤ ማሽኑ ከመንጋጋቸው ሥር፣ በግራ በኩል፣ ነጭ ጢም ትቶ አልፏል።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልታየኝም። ጉሙ ሲገለጥ ሸለቆው እስከ ታች ወለል አለ፤ ሁሉም ቆሞ «እዩት፣ እዩት» ይላል። ንስር ከእግራችን በታች ሲዞር ልጆቹ በሆዳቸው ተኝተው አዩ። የባለቤቴ እህት «እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም» ብላ ዕንባዋ መጣ። እኔ ያን ሁሉ ተራራ ወጥቼ ያየሁት የአንድ ሽማግሌ መንጋጋ ነው።

ባለቤቴ ወደኋላ ቀርታ ከጎኔ ሆነች።

«ፊትህን ምን አጠቆረው?»

«ምንም።»

«ማሽን ነው እኮ የገዛው። ሚስት አልቀማህ።»

«ሚስት ቢቀማኝ ይሻለኝ ነበር።»

ሳቀች። ከዚያ ሳላስበው እጄን ያዘችኝ። በሰው ፊት እጄን ይዛኝ የምታውቅ ሴት አይደለችም። ልታባብለኝ ነው ብዬ ልነጥቃት ስል አጥብቃ ጨበጠችኝ።

«ሱቅ እንዴት ነው?» አለችኝ፣ መንገዱን እያየች።

«ደህና ነው።»

«ሰዎቹ አሁንም ወደ ባልደረባህ ወንበር ነው የሚሄዱት?»

«እሱ ወሬኛ ነው። ሰው ወሬ ይወዳል።»

«ከወሬው ሌላስ ምክንያት ይኖረው ይሆን?»

«የምን ምክንያት? የሱ ወንበር መስኮቱ ጋ ነው፤ ሰው መንገደኛ ማየት ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ነካሽ?»

እጄን ፏፏቴው እስኪታይ ድረስ አልለቀቀችም።

ፏፏቴው ሥር ትልልቅ ድንጋዮች አሉ። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አውጥተን በላን፤ ልጆቹ ጠጠር እየወረወሩ ይጯጯሃሉ። ጥሩ ቀን ነበር፤ ለሌላው ሰው ማለቴ ነው። ኢንጂነሩ ፎቶ ላንሳችሁ ብሎ አሰለፈን። አባባን መሃል አቆማቸው፤ ኮሌታቸውን አስተካከለላቸው፤ ጥቂት ራቅ ብሎ አያቸውና «አባባ፣ ዛሬ እኮ አሥር ዓመት ቀንሰዋል» አለ።



«ከመንጋጋቸው ሥር ያለውን ታዲያ ለማን ተውከው?» አልኩት። «ሰው ያልጠየቀውን ስጦታ እየገዙ ማዥጎድጎድ ቀላል ነው። የሰው ፊት ግድግዳ አይደለም፣ በማሽን ሄደውበት የሚመለሱት። ላጨሁ ለማለት መጀመሪያ መላጨት ማወቅ ይጠይቃል።»

ኢንጂነሩ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ፊቱ ቀላ። ባለቤቱን አየ፤ ባለቤቱ እህቷን አየች፤ ባለቤቴ ደግሞ መሬት መሬቱን።

«እኔ ነኝ ግዛልኝ ያልኩት» አሉ አባባ።

ኩም አልኩ።

«ለምን አባባ?»

አባባ ውሃውን ረጅም ጊዜ አዩት። ችሎት ላይም እንዲህ ነበሩ ይባላል፤ ፍርዱን ከመናገራቸው በፊት መስኮት ያያሉ።

«ዕቃህን ይዘሃል?» አሉኝ።

«ይዣለሁ።»

«በል እንግዲያው። የቀረውን ላጨኝ።»

«አባባ…» አለች ባለቤቴ። በእጃቸው ምልክት አስቆሟት።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ ከእኔ በላይ ደስተኛ ሰው ተራራው ላይ አልነበረም። ልጆቹን ራቅ በሉ ብዬ አባባን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ፎጣዬን አንገታቸው ላይ ሳስር ኢንጂነሩን በዓይኔ ፈለግኩት፤ ያይ እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው። ያያል። ብሩሹን በወንዙ ውሃ አርሼ ሳሙናውን አሸሁት፤ አረፋውን ከጆሮአቸው ሥር እስከ አገጫቸው አለበስኩት። አባባ አገጫቸውን ቀና አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አሁን ያወሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። አረፋ ሲነካቸው ሁልጊዜ እንደሚያወሩት፤ ሁሉም ባለበት፣ ኢንጂነሩ እየሰማ። ምንም አላሉም።

«ውሃው በረደዎት እንዴ?»

«የለም። ቀጥል።»

ምላጩን ይዤ ጎንበስ ስል እጃቸውን አየሁት። ሁለቱንም እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሱሪያቸውን ጨምድደው ይዘዋል። ጨርቁ ተኮማትሮ ተነስቷል፤ ጣቶቻቸው ደም የላቸውም። ይህን አያያዝ አውቀዋለሁ። ሕፃን ልጅ መጀመሪያ ቀን ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ነው የሚይዘው። ስንት ዘመን በእጄ ሥር ዘና ብለው ሲያወሩ የኖሩ ሰው አሁን ምን አስፈራቸው ብዬ ዓይኔን ወደ ምላጩ መለስኩ።

የምላጩ ጫፍ ይንቀጠቀጣል።

ነፋስ መስሎኝ ክርኔን ከጎኔ ጋር አጣበቅኩት። እንደዚያው ነው። የእጄን አንጓ በሌላው እጄ ደገፍኩት። እንደዚያው ነው። መንቀጥቀጡ ከጣቶቼ ነው የሚመጣው፤ እኔ ሳላዘው፣ ሳላውቀውም። ያኔ ነው ማንቆርቆሪያው ለምን ከእጄ እንደተወሰደ የገባኝ። ደንበኞቼ መስኮት ፍለጋ እንዳልሄዱም ገባኝ። ባለቤቴ መንገድ ላይ እጄን የያዘችው ልታባብለኝ አልነበረም፤ መንቀጥቀጡን ልታቆምልኝ ነበር። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። አንዱ ደፍሮ አልነገረኝም። ከይሉኝታ ብዛት አንድ ቤተሰብ ተመካክሮ ማሽን ገዛ፤ እኔ ደግሞ ነጠቁኝ ብዬ አበድኩ።

ሽማግሌው እጅህ ይንቀጠቀጣል ከሚሉኝ ብቆርጣቸው መርጠዋል። አንገታቸውን ሰጥተውኝ፣ ሱሪያቸውን ጨምድደው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቁኛል።

«ምነው ቆምክ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ማን እንደሚጨርሰው እያሰብኩ ነው አባባ።»

ቀና ብዬ ኢንጂነሩን ጠራሁት።

«ና እስቲ። እጅህን ታጠብና ና።»

«እኔ?» አለ። «ጋሼ፣ እኔ ምላጭ ይዤ አላውቅም።»

«እነግርሃለሁ።»

ማሽኑን ላምጣ ሊለኝ እንደነበር ፊቱ ላይ አየሁ። አላለም። ወንዙ ላይ ጎንበስ ብሎ እጁን ታጠበ፤ በሸሚዙ አደረቀ። ምላጩን ሳቀብለው እጄን አየ፤ ወዲያው ዓይኑን አሸሸ። እሱም ከይሉኝታ ሰዎች አንዱ ነው ለካ።

«በግራ እጅህ ቆዳውን ወደ ጆሮ ሳብ አድርገህ ያዝ» አልኩት። «እንደዚያ። ምላጩን አታቁመው፣ አስተኛው። አትጫነው፤ ራሱ ይሄዳል።»

ግንባሩ በላብ ራሰ። ከንፈሩን ነከሰ። ጣቶቹ ግን ቀጥ ብለዋል፤ አንዳቸውም አይነቃነቁም። በመኪናው እንደዚያ አልቀናሁበትም፣ በቤቱም እንደዚያ አልቀናሁበትም። ወጣት እንኳ አይደለም፤ ከእኔ የሚያንሰው በጥቂት ዓመት ነው። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እዚያም ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

መሳብ ጀመረ። አሳሳቡ አስቀያሚ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተጣመመ፣ እንደገና ጀመረ፤ መጨረሻው ላይ ቆዳውን ጫር አድርጎ ቀይ ነጥብ አወጣ። ደንግጦ ምላጩን አነሳ።

«ምንም አይደለም» አሉት አባባ ረጋ ብለው። «ትንሽ ጭረት ናት። ትናንትም ጉልበቴን ሲያመኝ አድሮ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ለሴቶቹ አትንገርብኝ እንጂ…»

ያወሩለት ጀመር። ያን መስማት አልቻልኩምና ፊታቸውን ትቼ ወደ ታች አየሁ። ጣቶቻቸው ሱሪያቸውን ለቀው፣ ጉልበታቸው ላይ ተዘርግተው አርፈዋል።