የመምህር ዲጋምባር ሽንት ቤት

መምህር ዲጋምባር ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ፣ በትውልድ መንደራቸው ከጥጥ እርሻው ዳር ቤት ሊሠሩ ቆረጡ። የዓለምን አፈር በየዓይነቱ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የአገራቸውን የቪዳርባን ጥቁር ዋልካ ግን የሚያውቁት በጠመኔ እንጂ በአካፋ አልነበረም።

ግንበኛው ኮንዲባ መጥቶ ብረት ዘንጉን መሬት ውስጥ ሰካና ራሱን ነቀነቀ።

«ጉሩጂ መምህሬ፣ ይሄ አፈር ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲጠማ ይሰነጠቃል። ወንድሜን ነው የሚመስለው። ጠጠሩ እስኪገኝ ስድስት ክንድ እንውረድ።»

«ስድስት ክንድ! ቤት ነው የምትሠራልኝ ወይስ የውሃ ጉድጓድ?»

«እኛ ካልወረድን ቤቱ ራሱ ይወርዳል።»

ሚስታቸው ቫትሳላ ጣልቃ ገባች። «ኧረ ሰውየው የሚለውን ስሙት እንጂ! እዚሁ አፈር ላይ ነው ያረጀው።»

«መጽሐፉ ሁለት ክንድ ይበቃል ይላል» አሉ ዲጋምባር። መጽሐፉ የትኛው አገር እንደተጻፈ የጠየቃቸው የለም።

ቤቱ ተሠርቶ አለቀ፤ አማረም። በጋው ሲመጣ ግን ግቢው እንደ ሽማግሌ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። የዲጋምባር አንድ እግር ጫማ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ በዚያው ቀረ። የዘሩትን ካሮት በዶማ ፈንቅለው ሲያወጡት እንደ ዝንጅብል ተጣሞ አገኙት። «ጥጥ የለመደ መሬት ነው» አለች ቫትሳላ፣ «ካሮት ምን በወጣው!»

ከዚያ ዝናቡ ገባ። ዋልካው ጠጣ፣ አበጠ፣ ወለሉን ወደ ላይ ገፋው። በሮቹ ሁሉ አኮረፉ። ሴፕቲክ ታንኩ የሚያወጣውን ፍሳሽ መሬቱ አልቀበልም ስላለ፣ ሽንት ቤቱ በዘነበ ቁጥር ያጉረመርም ጀመር።

በዚህ መሐል ለልጃቸው ለኡልካ ሽማግሌ መጣ። የሙሽራው አባት ባፑራኦ ናቸው፤ ከባሕሩ ዳርቻ ከቀይ ድንጋይ አገር፣ ነጭ ሽርጣቸውን፣ ዶቲያቸውን አገልድመው ሲመጡ አንዲት የጭቃ ነጥብ እንኳ አልነካቻቸውም።

«ባባ፣ የሽንት ቤቱን በር አሠራኸው?» ብላ ኡልካ አባቷን በሹክሹክታ ጠየቀች።

«ግጥም አድርጎ ይዘጋል።»

«መዝጋቱንማ መች አጣሁት። መከፈቱን ነው እንጂ።»

ባፑራኦ የሩዝ ቁርሱን፣ ፖሄውን በልተው፣ ሁለት ስኒ ሻይ ጠጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወዴት ነው?» አሉ። ሽንት ቤቱ ገብተው በሩን በትከሻቸው ገፍተው ዘጉት። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

ቆይቶ ሳል ተሰማ። ቀጥሎ ከበድ ያለ ሳል።

«ጉንፋን ይዟቸዋል መሰለኝ» አሉ ዲጋምባር።

«ወዳጄ!» ሲሉ ባፑራኦ ከውስጥ ጮኹ። «በሩ እምቢ አለኝ!»

«ወደ ራስዎ ይሳቡት!»

«ስቤው እጀታው እጄ ላይ ቀረ! ደግሞ ውሃው... ኧረ ውሃው ወደ ላይ እየመጣ ነው!»

«አይደንግጡ» አሉ ዲጋምባር፣ የክፍል ድምፃቸው መጣላቸው። «አፈሩ ሸክላ ስለሚበዛው ነው። ውሃ በገባበት ጊዜ...»

«ትምህርቱ ይቆየን! መጀመሪያ አውጡኝ!»

ቫትሳላ ሮጣ ኮንዲባን ጠራችው። ጆንያ ተከናንቦ፣ መጥረቢያ ይዞ ደረሰ። በሩን ዳሰሰ፣ ጉበኑን ዳሰሰ፤ አልቸኮለም።

«ጉሩጂ፣ መጽሐፉ ስለዚህ ምን ይላል?»

«ስበረው» አሉ ዲጋምባር፣ መሬት መሬት እያዩ።

በሩ ሲወድቅ ባፑራኦ በተደፋ ባልዲ ላይ ቆመው፣ ዶቲያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ እጀታውን እንደ በትረ መንግሥት ጨብጠው ታዩ። ኡልካ አፏን በሻርፗ አፈነች፤ አልሆነላትም። ሳቋ ፈነዳ።

ቫትሳላ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ባፑራኦ ከባልዲው ወረዱ።

«ይህች ልጅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትስቀው?»

«ስታፍር ነው፣ ይቅር በሉን» አለች እናቷ።

«ትሳቅ እንጂ! እኛ ቤት የሚስቅ ሰው ከጠፋ ቆየ። የእኛ መሬት ደግሞ ድንጋይ ነው፤ አባቴ አንድ ሽንት ቤት ቆፍሮ እስኪጨርስ እኛ ልጆቹ አግብተን ወጣን።» ይህን ብለው ራሳቸውም መሳቅ ጀመሩ። የሠርጉ ቀን የተቆረጠው እግራቸውን እየታጠቡ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ኮንዲባ ያሻውን አደረገ። በግድግዳው ዙሪያ ያለውን ዋልካ አስወጥቶ ከኮረብታው የመጣ ቀይ ጠጠር ሞላበት። ለቫትሳላም ለካሮቷ አሸዋና ፍግ የተቀላቀለበት ከፍ ያለ መደብ ሠራላት። «ፍሳሹ ወደ ታች እምቢ ካለ እኛ ወደ ላይ እንሂድ» ብሎም የአሸዋና የጠጠር ጉብታ ቆለለ፤ ሽንት ቤቱን አናቱ ላይ አቆመው። ሰባት ደረጃ አለው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ይታያል።

ዲጋምባር ጠዋት ጠዋት የመታጠቢያ ውሃቸውን በማሰሮ አንጠልጥለው ሲወጡ፣ ጥጥ የሚለቅሙት ሁሉ ቀና ይላሉ።

«ጉሩጂ፣ ከላይ ምን ይታያል?»

መጀመሪያ ሰሞን አንገታቸውን ደፍተው ይገቡ ነበር። አንድ ቀን ግን ሰባተኛው ደረጃ ላይ ቆም ብለው አድማሱን ቃኙ።

«ከምዕራብ ጥቁር ደመና ተነሥቷል። ከቀትር በፊት ጥጣችሁን አስገቡ!»

የሰሙት አስገቡ፤ የሳቁት ጥጣቸው በሰበሰ። ከዚያ ወዲህ መምህሩ ካልወጡ በቀር ለቀማ የሚጀምር የለም። አንዳንዴ ሆድ ድርቀት ሲይዛቸው መንደሩ ሁሉ ይጨነቃል።