በክንዴ ልክ

የምኖረው ሐይቁ ዳር ባለው የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ዋናው በር ላይ ካርድ ያላሳየ አይገባም፤ ጥበቃው የገዛ ሚስቱንም ካርድ ጠይቋል ይባላል። ቤቶቹ ሰማንያ ናቸው። የእኔ የመጨረሻው፣ ከውሃ ፓምፑ ጎን ያለው ነው። ፓምፑ ያንኮራፋል። ባለቤቴም ያንኮራፋል። ሁለቱንም ለምጃቸዋለሁ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰርቪሱ ከበሩ ይነሣል። መንገዱ ካልተዘጋ በሃምሳ ደቂቃ ከተማ ነን። የቢሮ ሰዎቹ ላፕቶፕ ታቅፈው ይቀመጣሉ፣ እኔ ቱታዬን በፌስታል ይዤ። ከተማ ውስጥ ድንጋይ መቁረጫ ቤት አለኝ፤ የደረጃ፣ የመስኮት፣ የወጥ ቤት ድንጋይ እንቆርጣለን። ለዚህ ነው የግቢው ሰው እትዬ ድንጋይ የሚለኝ። መጀመሪያ ከኋላዬ ነበር የሚሉኝ። አንድ ቀን ዞር ብዬ "አቤት" አልኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት ሆነ።

ይህን ቦታ ግን በርም ካርድም ሳይኖረው ነው የማውቀው። ሐይቁ አፋፍ ላይ ያሉትን ስምንት ቤቶች ተሸክሞ የቆመውን የድንጋይ ግንብ የሠራነው እኛ ነን። ያኔ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ባለቤቴ ሲሚንቶ ያቦካ ነበር። ድንጋይ ሳቀብለው በድንጋዩ ፋንታ እጄን ያዘ፣ ድንጋዩ እግሩ ላይ ወደቀ። ዕቃ ተሸከም ስለው እስከ ዛሬ ያነክሳል።

ከሃያ ዓመት በኋላ ቤቱን ልገዛ ስመጣ የሚያስጎበኘኝ ልጅ "ስለ ግንቡ አትስጊ፣ ጠንካራ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

የነዋሪዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ናቸው። "በደንቡ መሠረት" ሳይሉ ውሃ አይጠጡም፤ ስለዚህ ጋሽ ደንቡ ነው የምንላቸው። ባለፈው በጋ በጀልባ ሲንሸራሸሩ ግንቡን ከሐይቁ በኩል አዩት። ግንቡ ላይ፣ ጉልበት በሚደርስበት ከፍታ፣ በመደዳ ቀዳዳዎች አሉ። አፈሩ የጠጣው ዝናብ በእነሱ ወጥቶ ነው ሐይቁ የሚገባው። ከየቀዳዳው ሥር ቡናማ እድፍ ይወርዳል፣ እንቁራሪትም ይወሸቅባቸዋል። ጋሽ ደንቡ ስብሰባ ጠሩና "ግንባችን ያለቅሳል" አሉ። በሽቦና በሲሚንቶ ተለስኖ ነጭ ይቀባ ተባለ።

ተነሣሁ። "ቅቡት። ቀዳዳዎቹን ግን እንዳትደፍኑ" አልኩ። "ውሃው መውጫ ካጣ የሚገፋው ግንቡን ነው።"

"እህቴ፣ የሐይቁ ውሃ እንዳይገባ ጭምር ነው እኮ የምንደፍነው።"

"ጋሼ፣ ውሃው የሚመጣው ከሐይቁ አይደለም፣ ከጀርባችን ነው።"

"ባለሙያ አማክረናል።"

ያማከሩት ባለሙያ ቀለም ቀቢው ነበር። እጅ አውጡ ተባለ። ሰባ እጅ ለነጩ ቀለም ወጣ፣ አንድ እጅ ለቀዳዳዎቹ። ባለቤቴ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስለገባው ሆዴን አሞኛል ብሎ ቀርቷል።

ሰባውን እጅ ካወጡት አንዷ የጥርስ ሐኪሟ ናት። ቤቷ ግንቡ አናት ላይ ነው፤ እንቁራሪት ትፈራለች። ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። እማማ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ሐይቁን ያያሉ፣ ሐይቁ ሲሰለቻቸው ጎረቤቱን ያያሉ። ግንቡ ነጭ በነጭ ሲሆን "የሆስፒታል ግድግዳ መሰለ" ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ክረምቱ ገባ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳያባራ ዘነበ። በዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ከሰርቪሱ ወርጄ ቤቴ ስደርስ የጥርስ ሐኪሟ ደጃፌ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"እትዬ፣ የበረንዳው በር አልዘጋ አለኝ። ትናንት ይዘጋ ነበር።"

ቱታዬን እንደያዝኩ ሄድኩ። በረንዳው መሃል ጣት የማያስገባ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ሄዷል። አጎንብሼ ወደ ታች አየሁ። ነጩ ግንብ ሆድ አውጥቷል። እኔ ያቀበልኩት ድንጋይ፣ ያውም ከእማማ ወንበር ሥር። ስንጥቁ ላይ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ አጋድሜ፣ ጫፍና ጫፉን በሲሚንቶ ለጠፍኩት። የድሮው ፎርማናችን ያስተማረን ነው፤ ግንቡ ከቆመ መስታወቱ ይቆያል፣ ከሄደ ይሰበራል።

"እማማ፣ እስኪጣራ ድረስ እኔ ቤት ይረፉ" አልኳቸው።

"ካንቺ ቤት ምን ይታያል?"

"ፓምፕ።"

"እንግዲያው እዚሁ ነኝ።"

ቅዳሜ ጠዋት መስታወቱ ለሁለት ተሰብሮ ተገኘ። ቁራጩን ይዤ ጋሽ ደንቡ ቤት ሄድኩ። የጥርስ ሐኪሟም ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ተከተለችኝ። ጋሽ ደንቡ መስታወቱን አገላብጠው አዩና ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚነሣ ነገሩኝ። እኔ አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

"ጋሼ፣ መግል የቋጠረ ድድ ስብሰባ አይጠብቅም። መውጫ ካላገኘ መንጋጋ ይዞ ይሄዳል። እኔም እጄን አውጥቻለሁ፣ ተሳስቻለሁ። ዛሬ ይከፈት።"

ለእኔ ያልሰጡትን ጆሮ ለእሷ ሰጧት። ግድ የለኝም፤ ዋናው መስማታቸው ነው። ስልክ ደወሉ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከከተማ አንድ ወጣት ኢንጂነር መጣ፣ የግንቡን የድሮ ስዕል ተሸክሞ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ባለቤቴ ጭምር ሁላችንም በብረት መሰላሉ ከግንቡ ሥር ወረድን። ሐይቁ ሞልቶ እግራችንን እስከ ቁርጭምጭሚት ዋጠው።

ኢንጂነሩ የግንቡን ሆድ በመዳፉ ዳሰሰና ፊቱ ተለወጠ። "ልስኑን በሙሉ እናንሣ ብንል ቀናት ይፈጃል" አለ። "በየቦታው ከደበደብነው ደግሞ ግንቡ ከመዶሻው ጋር ይመጣል። የየቀዳዳው ቱቦ ያለበትን ለይተን፣ እሱን ብቻ ነው መንካት ያለብን።"

ስዕሉ በየሁለት ሜትሩ አንድ ቱቦ ይላል። ከመሰላሉ ጀምሮ በሜትር ለካ። የመጀመሪያው ተገኘ። ሁለተኛውም ተገኘ። ጋሽ ደንቡ "ስዕል ያለው ሰው ይህን ይመስላል" አሉና ወደ እኔ አዩ። ከሁለቱ የወጣው ግን ጭላጭ ነው፤ ውሃው የተጠራቀመው ወዲያ፣ ከሆዱ ጀርባ ነበር። ኢንጂነሩ እየለካ እማማ ወንበር ሥር ደረሰ፣ ምልክት አደረገ፣ ልስኑን በመሮ በሳ። ድንጋይ። ከጎኑ ያለውን በሳ። ድንጋይ። ከላይ፣ ከበረንዳው፣ ጠጠር ረገፈ።

መሮውን አወረደ። "ከሁለተኛው በኋላ ቱቦ አላስገቡም" አለ። "የተለመደ ነው። ሠራተኞቹ ይሸጡታል።"

ይህን አልዋጥኩም።

"ማንም ምንም አልሸጠም" አልኩ። "አርባ ሦስት ቱቦ አለ። ከሁለቱ በኋላ ያሉትን አንድ በአንድ ያስገባሁት እኔ ነኝ።"

"እናቴ፣ በየሁለት ሜትሩ ፈለግሁ እኮ፣ የለም።"

"በየሁለት ሜትሩ አይደለማ።"

"ታዲያ በስንት ነው?"

ባለቤቴ መሬት መሬት አየ። እሱ ያውቃል። ከእሱ ሌላ ለማንም ሳልነግር ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩት ነገር ነው። ያኔ ፎርማኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቱቦዎች ራሱ አስገባና ሜትሩን እጄ ላይ ጥሎ "በዚሁ ቀጥዪ" ብሎኝ ሄደ። ሜትሩን ዘረጋሁት። ቁጥር ሞልቶበታል፣ እኔ ደግሞ ቁጥር አላነብም። አልችልም ብል በማግስቱ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ይቆማል። ስለዚህ በሁለቱ ቱቦዎች መሃል ክንዴን አጋደምኩ፣ ከክርን እስከ መሃል ጣት። አራት ክንድ ሆነ፣ ትንሽም ተረፈ። የተረፈውን ተውኩት። ሜትሩን ኪሴ ከትቼ እስከ መጨረሻው በክንዴ ሄድኩ። በኋላ ሱቅ ስከፍት ቁጥር ተምሬያለሁ፤ አሁን ሚሊ ሜትር ሳላዛንፍ ነው የምቆርጠው። ያንን ግን ለማንም አልተነፈስኩም። እነዚህ ሰዎች ፊት ከምናገረው ሐይቁ ቢውጠኝ እመርጥ ነበር። ቀና ስል የእማማን እግሮች በበረንዳው ብረት መሃል ተንጠልጥለው አየሁ።

"በክንዴ ነው" አልኩ። "አራት አራት ክንድ። ሜትር ማንበብ አልችልም ነበር።"

"በክንድ" አሉ ጋሽ ደንቡ፣ ቃሉን እያኘኩ። "የስምንት ቤት ግንብ በክንድ ተለካ።"

"እኔም ሜትር አላነብም" አሉ እማማ ከላይ። "አንቺ ሴት፣ ለኪና ጨርሺ፤ ወንበሬ ዘመመ።"

እጅጌዬን ጠቀለልኩ። ከሁለተኛው ቀዳዳ ተነሥቼ፣ ቀኝ ክንዴን ግንቡ ላይ እያጋደምኩ፣ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ሄድኩ። ሆዱ ጋ ያለው አሥራ አንደኛው ነው፤ ሠላሳ ስድስት ክንድ። ሠላሳ ስድስት ላይ ጣቴን ሳላነሣ "እዚህ ጋ" አልኩት ኢንጂነሩን። በሳ።

ድንጋይ።

ጋሽ ደንቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጆሮዬ ጋለ። ክንድ ያረጃል እንዴ ብዬ እጄን አየሁት።

"አንቺ" አለ ባለቤቴ፣ ከኋላ። "በቀኝሽ ነው እኮ የለካሽው።"

"ያኔም በቀኜ ነበር።"

"ያኔ ጣትሽ ነበረቻ።"

አሥር ዓመት ሆኖታል፤ የቀኝ መሃል ጣቴን ጫፍ የሱቄ መጋዝ ወስዶታል። ክንዴ በአንድ አንጓ አጥሯል። ሠላሳ ስድስት ጊዜ ስታጥር ደግሞ ትንሽ አይደለችም። ይህ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ዕቃ ሳይሸከምልኝ የኖረው ለዚች ቀን ጉልበቱን ሲያጠራቅም ከሆነ ይቅር ብዬዋለሁ።

ተመለስኩ። አሁን በግራዬ፣ ሙሉ ጣት ባላት፣ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ሠላሳ ስድስተኛው ከፊተኛው ምልክት አልፎ ሆዱ እምብርት ላይ ዋለ። ከፍታውን በጉልበቴ ለካሁ። "ጉልበቴ አላደገም፣ አላጠረም" አልኩ። "እዚህ ጋ። መሮውን ለእኔ ስጠኝ።"

ሰጠኝ። አንዴ መታሁ፣ ልስኑ ተሰነጠቀ። ሁለቴ መታሁ፣ መሮው እስከ እጀታው ሰመጠ። ስነቅለው ጭቃማ ውሃ ደረቴን መትቶ ሐይቁ ውስጥ አስቀመጠኝ። ቁጭ ባልኩበት የክንድ ያህል ውፍረት ያለው ውሃ በትከሻዬ አጠገብ እያለፈ ሲወረወር አየሁ። ለወራት ታስሮ የተፈታ ይመስል ነበር አወጣጡ። ከላይ እማማ አጨበጨቡ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ብቻ ነው። እኔ በግራዬ እለካለሁ፣ ኢንጂነሩ ይበሳል፣ ባለቤቴ ቱቦውን በሽቦ ይጠርጋል። አሥራ ሁለተኛው፣ አለ። አሥራ ሦስተኛው፣ አለ። አንድም አልሳትኩም። ሃያ ላይ ስንደርስ ጋሽ ደንቡ ጫማና ካልሲያቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። የሥራ ጠመኔዬን ከኪሴ ወሰዱና ጣቴ ባረፈበት ሁሉ ምልክት ያደርጉ ጀመር። ከአንዱ ቀዳዳ እንቁራሪት ዘሎ ወጥቶ እጅጌያቸው ላይ ሲያርፍ እንኳ ደንብ አልጠቀሱም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አርባ ሦስቱንም ከፍተን ጨረስን።

ኢንጂነሩ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ስዕሉን ዘረጋ። "እናቴ፣ ላስተካክለው ነው። ክንድሽን ልለካው?" አለኝ። ግራ ክንዴን ዘረጋሁለት። ሜትሩን አጋደመ፣ ሳይናገር እኔ ቀድሜ አነበብኩ። "አርባ አምስት" አልኩት። በየሁለት ሜትሩ የሚለውን ሰርዞ፣ ከሥሩ አራት የሠራተኛዋ ክንድ ብሎ ጻፈ፤ ቁጥሩንም ጨመረበት።

በረንዳው ስንጥቅ ላይ አዲስ መስታወት ለጠፍኩ። ክረምቱ አልፎ በጋ ሆኗል፣ መስታወቱ እንዳለ ነው። እማማ እንግዳ ሲመጣባቸው መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው፣ ሐይቁን ቀጥሎ። ግንቡ ሆዱን አልመለሰም፤ እኔም የእኔን አልመለስኩም፣ ቆመናል ግን ሁለታችንም። በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሽ ደንቡ ቀዳዳዎቹን መድፈን የሚከለክል አዲስ ደንብ አነበቡ። እጅ አውጡ ሲባል ባለቤቴ ሁለቱንም አወጣ።

ማታ ከሰርቪሱ ስወርድ በሐይቁ በኩል ዞሬ ነው የምገባው፤ ይረዝማል ግን እዞራለሁ። በነጩ ግንብ ላይ አርባ ሦስት ቡናማ መስመር ወርዷል። በጀልባ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያየዋል። አንዳንዱ ያስጠላል ይላል አሉ። እኔ ቆሜ ከአንድ እስከ አርባ ሦስት እቆጥራቸዋለሁ፣ ከዚያ ቤቴ እገባለሁ።